መልስ፦ ሳነቴን በብስክሌት ብቻዬን ላቋርጥ?

ወንድሜ፣ ከጎባ ተነስተህ ድንኳን ይዘህ የባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለውን የሳነቴን ሜዳ በብስክሌት ብቻህን ማቋረጥ ይቻላል ወይ ብለሃል። ይቻላል። ግን መጀመሪያ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ጎራ በልና የፓርኩን ክፍያና ደንብ ጨርስ።

ከጎባ ወዲያው አትውጣ። ከተማው 2,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ሜዳው ደግሞ ከ4,000 ያልፋል። አንድ ሁለት ቀን እዚያው ጎባ ከከፍታው ጋር ተለማመድ። በዚያ ከፍታ ትንሿ ዳገት ራሷ ትንፋሽ ታሳጥራለች፤ ስትደክም ወርደህ ግፋ፣ ነውር የለውም።

ዋናው ጉዳይ ብርዱ ነው። እኔ ታኅሣሥ ላይ እዚያ አድሬ ነበር። ጠዋት ስነቃ ትንፋሼ ድንኳኑ ውስጥ አመዳይ ሠርቷል፤ ኮዳዬ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ አልፈስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃዬን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አቅፌ ነው የምተኛው። ብትሰማኝ ግን ሜዳው ላይ አትደር። ማለዳ ተነሥተህ አቋርጥና ከሜዳው ማዶ ወዳለችው ሪራ መንደር ውረድ።

ቁልቁለቱ ወደ ሐረና ጫካ ረጅም ነው፣ ጠጠርም አለው። ትርፍ የፍሬን ሸራና ሁለት ከመነዳሪ ያዝ።

ቀይ ቀበሮ ካየህ ቁምና በዝግታ ተመልከት። እባክህ ምግብ አትጣልለት። ሪራ ስትደርስ የጫካውን ቡና ጠጣ፤ ማሩንም ቅመስ።