ክረምቱን ተሰቅሎ የከረመ ጠመንጃ፣ የተጣበቀ ቾክ

«ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኳት ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትገን አለችኝ። ፈቃድ አላት። ክረምቱን በቆዳ ማኅደሯ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅያት ከረመች። አሁን ላጸዳት ብዬ ቾኮቹን ልፈታ ስል አንደኛው ወጣ፣ ሌላኛው ግን ንቅንቅ አይልም። በፒንሳ ልሞክረው ወይ?» ብሎ የጻፈልኝ ሰቃ ጮቆርሳ ያለ ቡና አምራች ወንድማችን ነው።

ወንድሜ፣ እባክህ ፒንሳውን አስቀምጥ። ቾኩ ከአፈሙዙ ጫፍ ውስጥ እንደ ብሎን በጥርስ የሚገባ አጭር ቱቦ መሆኑን አይተሃል። ሥራው ቀዳዳውን ትንሽ አጥብቦ ከጥይቱ የሚወጣው ፍንጣሪ ቶሎ እንዳይበተን ማድረግ ነው። የ12 ቁጥር አፈሙዝ ቀዳዳ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በጣም ጠባቡ ቾክ ከዚያ ላይ የሚቀንሰው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቱቦው ስስ ነው፣ እሱን የያዘው የአፈሙዙ ጫፍም ስስ ነው። በፒንሳ ስትጨብጠው ክብነቱን ያጣና ጥርስ ለጥርስ ይናከሳል። አንድ ደንበኛ እንዲህ አድርጎ አምጥቶልኝ ቾኩን ከውስጥ በኩል ቀስ ብዬ ሰንጥቄ አወጣሁት፤ የአፈሙዙን ጥርስ ግን ላተርፈው አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ጠመንጃዋን ክፈታትና ጥይት የሚጎርስበትን ሁለቱንም ቀዳዳ በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። «ባዶ ናት» ብትልም እይ። ከዚያ አፈሙዙን ከሰደፉ ለይ። በጠርሙስ ወይ በጣሳ ሁለት ጣት የሚያህል ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አድርግና ጫፉን ወደ ታች ዘቅዝቀህ ሁለት ሌሊት አሳድረው። መኪና መለዋወጫ ሱቅ የምታገኘው ደብልዩ ዲ 40 ለዚህ ይሆናል። ሲወጣ ዘይቱን ጥረግና ከውጭ በኩል ጫፉ ላይ የፈላ ውሃ አፍስስበት፤ አፈሙዙ ከቾኩ ቀድሞ ስለሚሞቅ ትንሽ ሰፋ ይልልሃል። በእሳት ግን እንዳትሞክረው! ሁለቱ አፈሙዞች እርስ በርስ የተያያዙት በብየዳ ቆርቆሮ ነው፣ ነበልባል ያቀልጠዋል። ውሃ እዚህ ጅማ ከፍታ ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ምንም አያደርገውም።

ገና ትኩስ እያለ የራሱን መፍቻ ቾኩ ጠርዝ ላይ ባሉት ቁርጦች ላይ በደንብ አስቀምጥና፣ ጫፉን ፊት ለፊት እያየህ ወደ ግራ አዙር። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ደስ ብሎህ አትሳበው፤ ወደ ቀኝ መልሰው፣ ዘይት ጨምር፣ ደግሞ ወደ ግራ፣ እንዲህ እያመላለስክ ነው የሚወጣው። እምቢ ካለ እንደገና አሳድረው። ትዕግስት ነው የሚፈልገው፣ ጉልበት አይደለም።

እንዴት ተጣበቀ ካልከኝ፣ ባሩድ ጥቀርሻና የጥይቱ ፕላስቲክ ቅሪት ጥርሱ መሃል ገብቶ ነበር፣ ከዚያ ክረምቱ መጣ። ቆዳ ደግሞ እርጥበት ይስባል። ማኅደር ለመንገድ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። አንተ ቡና ታውቃለህ፤ ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት የያዘ ቡና በጆንያ አስረህ ብታከማች ምን እንደሚሆን እኔ አልነግርህም። ብረትም ያው ነው። ከጀንፈል መጋዘንም፣ ጭስ ከሚያገኛት ቦታም አርቃት። ጥቀርሻ ሲቀመጥባት እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ ብረቱን ይበላዋል።

አፈሙዝ ላይ ጨርቅ መወተፍንም ተው። ብዙ ቤት አያለሁ። ውታፉ እርጥበቱን ውስጥ ያፍናል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ተረስቶ የተተኮሰ ቀን አፈሙዙ ሊፈነዳ መቻሉ ነው።

ቾኩ ሲወጣልህ ሁለቱንም ጥርስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ እጠብ፣ አድርቅ፣ ስስ ግሪስ ቀባ። ስስ ነው ያልኩህ፣ የተትረፈረፈው አቧራ ይሰበስባል። በእጅህ እስከ መጨረሻው አስገባው፣ በመፍቻ ትንሽ ብቻ አጥብቀው። ቾክ ሳይገባ በፍጹም አትተኩስ፤ ፍንጣሪውና ጋዙ የአፈሙዙን ጥርስ ይልጠዋል። የላላ ቾክም ያው ጣጣ ነው፣ በተኮስክ ቁጥር ጠመንጃዋን ባዶ አድርገህ ነካ ነካ አድርገው። ቁርጦቹን ደግሞ ቁጠር፤ በብዙ ፋብሪካዎች አንድ ቁርጥ ጠባቡ፣ አምስት ቁርጥ ሰፊው ነው፣ የቱ ከየትኛው አፈሙዝ እንደወጣ እንዳይጠፋህ።

ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርገህ፣ አየር በሚያገኝ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ አፈሙዟን ወደ ታች አቁማት። ዘይቱ ወደ ሰደፉ ከወረደ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ጥይቱን ለብቻው ቆልፍ። ከሰኔ እስከ መስከረም በወር አንዴ ቾኮቹን ፈትተህ መልሰህ አስገባ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረህ አሁንም እምቢ ካለህ ይዘሃት ና። ፈቃዷን አትርሳ፣ ጥይቱን ግን ቤት ተወው። መፍቻውንም ይዘህ ና፣ ቁርጦቹ ላይ ልክ የሚቀመጠው የራሷ ነው።