ኪቶን ብቻችሁን ለምታዩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በሕንፃ ንድፍ ሙያ ያረጀ ሰው ምክሩ ሁሉ ወደ ግንብ ማዘንበሉ አይቀርምና በዚሁ ታገሡኝ። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻግራችሁ የኢኳዶርን ዋና ከተማ ኪቶን ለማየት አንድ ቀን ብቻ ብታገኙ፣ አብሯችሁ የሚዞር ሰው ባለመኖሩ አትዘኑ። ከቡድን ጋር የሚጎበኝ ሰው አስጎብኚው ተነሥ ሲለው ይነሣል፤ ብቻውን የሚሄድ ግን አንድ ደረጃ ላይ እስከ ቀትር ቢቀመጥ የሚቆጣው የለም። በዚህ ነፃነት ጥቂት ቦታ መርጣችሁ፣ በየደረሳችሁበት የማን እጅ እንደሠራው ጠይቁ።

ኪቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ብዙም አይቸገርም፤ ከቆላ የምትነሡ ግን ጠዋቱን በዝግታ ጀምሩ። ከተማዋ ለምድር ወገብ በጣም የቀረበች ስለሆነች ባርኔጣ አትርሱ።

በማለዳ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ሂዱ። ገዳሙን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስጀመሩት ፍራንሲስካውያን መነኮሳት ሲሆኑ፣ ከመሪዎቻቸው አንዱ ሆዶኮ ሪኬ የተባለ የፍላንደርስ ሰው ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ከመግባታችሁ በፊት ከፊቱ ያለውን የድንጋይ ደረጃ አስተውሉ፤ የታችኛው አጋማሽ በግማሽ ክብ ወደ አደባባዩ ወጣ ብሎ፣ የላይኛው ደግሞ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ የተሠራ ስለሆነ የሚወጣው ሰው ሳያውቀው እርምጃውን ይቀይራል። የከተማው ሰዎች ካንቱኛ ስለተባለ የአገሬው ተወላጅ የሚተርኩት አፈ ታሪክ አለ። የቤተ ክርስቲያኑን ደጀ ሰላም ሠርቶ ለማስረከብ የተዋዋለበት ቀን ሲደርስበት ነፍሱን አሲዞ ከሰይጣን ጋር ተስማማ፤ ነገር ግን ሲነጋ አንድ ድንጋይ ጎድሎ ስለተገኘ ውሉ ፈረሰ፣ ነፍሱም ተረፈች ይላሉ። እኛም ላሊበላን ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ጠረቡት እንላለን። ኪቶና ላሊበላ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1978 በመጀመሪያው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች መካከል ናቸው። እኔ በበኩሌ የካንቱኛን ተረት የምወደው፣ የግንበኛው ስም በሕዝብ አፍ ላይ እንዲቆይ ስላደረገ ነው።

በእግር ጥቂት እንደሄዳችሁ የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ላ ኮምፓኛን ታገኛላችሁ። ግንባታው በ1605 ተጀምሮ በ1765 ተጠናቀቀ፤ መሠረቱን ያዩ ሰዎች የልጅ ልጆቻቸው እንኳ ፍጻሜውን አላዩም። የሚያሳዝነው ደግሞ ኢየሱሳውያኑ በ1767 በስፔን ንጉሥ ትእዛዝ ከግዛቱ ሁሉ መባረራቸው ነው። ውስጡን የሸፈነው ስስ የወርቅ ቅብ ዓይን ያፈዛል፤ እናንተ ግን መጀመሪያ ውጭ ቆማችሁ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረቡትን፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዙትን ዓምዶች ተመልከቱ። እንዲህ ያለውን ጠመዝማዛ ከጠንካራ ድንጋይ ማውጣት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ መሮ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

የነፃነት አደባባይ የፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ያለበት ነው፤ በካቴድራሉ ውስጥ በ1822 በፒቺንቻ ጦርነት ስፔኖችን ያሸነፈው የአንቶኒዮ ሆሴ ዴ ሱክሬ መቃብር ይገኛል። እዚህ ብዙ መቆየት የለባችሁም።

ከሰዓት በኋላ ፓኔሲዮ የተባለው ኮረብታ ላይ ያለችውን ክንፍ ያላትን የእመቤታችንን ግዙፍ የአሉሚኒየም ሐውልት ታያላችሁ። መነሻዋ ቤርናርዶ ዴ ሌጋርዳ በ1734 የቀረጻት ትንሽ የእንጨት ምስል ናት፤ እርሷም ያለችው በሳን ፍራንሲስኮ ዋና መንበር ላይ ስለሆነ ጠዋት ሳታይዋት አትውጡ። ወደ ኮረብታው የሚወስደው መንገድ ለብቸኛ እግረኛ የዝርፊያ ስጋት አለበትና ታክሲ ያዙ፤ ሾፌሩም እስክትጨርሱ ጠብቆ እንዲመልሳችሁ በዋጋ ተስማሙ። ኢኳዶር ከ2000 ጀምሮ የምትገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው፤ ለትልቅ ኖት መልስ ማግኘት ስለሚያስቸግር ዝርዝር ይዛችሁ ውጡ።