አተሙ ገጠመ፣ ቻርጁ ግን አልገጠመም

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከሐዋሳ። ፐርማንጋኔትና (MnO₄⁻) ኦክሳሌት (C₂O₄²⁻) በአሲድ ውስጥ የሚያደርጉትን ሪአክሽን 1 ለ5 አድርጌ፣ 8 ሃይድሮጅን አዮን ጨምሬ አመጣጠንኩት። አተሞቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ መምህራችን ግን ስህተት ነው አሉኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ እስቲ ቻርጁን (የአዮኖቹን የኤሌክትሪክ ሙል) ደምሪው፤ በግራ -3፣ በቀኝ +2 ይመጣል። አተም ብቻ ቆጥሮ ማቆም የሚያሳስተው እንዲህ ነው።

ስህተቱ ያለው ኦክሳሌቱ ላይ ነው። 1 ለ5 ያደረግሽው የካርቦን ኦክሲዴሽን ቁጥር ከ+3 ወደ +4 ሲወጣ 1 ኤሌክትሮን ይለቃል ብለሽ ይመስላል፤ ይህ ልክ ነው፣ ግን አንዱ ኦክሳሌት 2 ካርቦን ስላለው የሚለቀው 2 ነው። ማንጋኒዝ ደግሞ ከ+7 ወደ +2 ሲወርድ 5 ይቀበላል። ስለዚህ የፐርማንጋኔቱን ግማሽ ሪአክሽን (ኤሌክትሮን መቀበሉን ብቻ የሚያሳየውን ክፍል) በ2፣ የኦክሳሌቱን በ5 አባዢ፤ 10 ኤሌክትሮን ከ10 ጋር ይጠፋፋል።

በግራ 2 ፐርማንጋኔት፣ 5 ኦክሳሌት፣ 16 ሃይድሮጅን አዮን፤ በቀኝ 2 የማንጋኒዝ +2 አዮን፣ 10 ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 8 ውሃ። ቻርጁ በሁለቱም በኩል +4 ነው።

በየግማሹ ኦክሲጅንን በውሃ፣ ሃይድሮጅንን በሃይድሮጅን አዮን አስተካክለሽ ኤሌክትሮንን መጨረሻ ላይ ጨምሪ። ጥያቄው ሪአክሽኑ በደካማ ቤዝ ውስጥ ነው ካለ ግን ተጠንቀቂ፦ ፐርማንጋኔት እዚያ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ስለሆነ የሚቀበለው 3 ኤሌክትሮን ብቻ ነው።