«ሪያሊቲ ሾው ልግባ ወይ?» ላልከኝ የሳቢያን ልጅ

ደብዳቤህ ደርሶኛል ወንድሜ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት። በማኔጅመንት ተመርቀህ ሥራ ስታጣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ገባህ። እዚያ ኤዲቲንግ መሥራት ከጀመርክ ሁለት ዓመት ሆኖሃል። አሁን አዲስ አበባ ለሚቀረጽ ሪያሊቲ ሾው፣ ተራ ሰዎችን ያለ ድርሰት እየቀረጸ ለሚያሳይ የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ ተሳታፊ እየተመዘገበ ነው። ጓደኞችህ «አቦ፣ አንተ ካልገባህ ማን ሊገባ ነው!» ይሉሃል። እናትህ ደግሞ «የሰው መሳቂያ ልትሆን ነው» ብለው ያለቅሳሉ። ከተመረጥክ ሥራህን ለቀህ ለሁለት ወር መሄድ አለብህ። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ነው ጥያቄህ።

በመጀመሪያ፣ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም መውደድህ ነውር አይደለም። እኔም አያለሁ። ሰው የሰው ነገር ይወዳል። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ደጃፍ ወንበር አውጥተን የምንጫወተው ስለ ማን ነው? ማን ተጣላ፣ ማን ታረቀ፣ ማን አገባ። ቴሌቪዥኑ ይህንኑ ነው አስፍቶ የያዘው። ለጣቢያዎችም ያዋጣል። ለድራማ ደራሲና ተዋናይ መክፈል ግድ ነው። እዚህ ግን ተሳታፊው ራሱ ታሪኩን ይዞ ይመጣል። አንዴ የሠራ ሐሳብ ደግሞ ከአገር አገር ይሸጣል። ሰዎችን አንድ ቤት ዘግቶ የሚቀርጸው ቢግ ብራዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ኔዘርላንድ ውስጥ ጀመረ፤ በ2003 የአፍሪካው ተከተለ። በኋላ የእኛም ልጆች ገብተውበታል። የወረደባቸውን ስድብ ሳትሰማ አትቀርም። የእናትህ ፍርሃት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም።

አንተ ግን ይህን ነገር ከውስጥ ታውቀዋለህ። እንደምታውቀው ልብ አላልከውም እንጂ።

አንድ ሠርግ ስትሠራ ምን እንደምታደርግ አስብ። የሙሽሪት እናት ያለቀሱት ምሳ ላይ ነው፤ የሞተ ወንድማቸው ትዝ ብሏቸው። አንተ ያንን እንባ ታነሳና ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ ያለው ቦታ ላይ ትከተዋለህ። ከሥሩ ዘፈን ታስገባለህ። ያየ ሁሉ «ልጃቸው ስትሄድባቸው ጊዜ ሆዳቸው ባባ» ይላል። እንባው እውነተኛ ነው። ቦታው ግን የእሱ አይደለም።

ሪያሊቲ ሾውም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንተ የምትቆርጠው ሙሽሮቹ ደስ እንዲላቸው ነው። እዚያ የሚቆረጠው ተመልካቹ ቻናል እንዳይቀይር ነው። ተመልካች ደግሞ ጠብ ሲያይ አይነሳም። ነገሩ ዛሬ የመጣም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ፒቢኤስ የሚባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን የአንድ ቤተሰብን የዕለት ኑሮ አሳየ፤ የላውድ ቤተሰብ ይባላሉ። 300 ሰዓት ያህል ተቀርጾ 12 ክፍል ብቻ ነው የወጣው። ባልና ሚስቱ ሲለያዩ አገር አየ። ቤተሰቡ በኋላ «ክፉ ክፉው ብቻ ተመርጦ ወጣብን» ብሎ አማረረ። የቀረውን ሰዓት ማን አየላቸው?

እኔም ትንሿን ቀምሻታለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ጣቢያ ስለ ሥራ አጥነት ጠየቀኝ። አርባ ደቂቃ አወራሁ። «ብዙ ሰው ወጣቱ ሥራ ይመርጣል ይላል፤ ይህ ስህተት ነው» ብዬ ምክንያቱን ዘረዘርኩ። ማታ ላይ የወጣችው «ወጣቱ ሥራ ይመርጣል» የምትለዋ ብቻ ናት። በማግስቱ የማማክራቸው ልጆች ዓይኔን አላዩኝም። ያቺን ቀን እስካሁን አልረሳትም።

ለድሬ ልጅ ደግሞ አደጋው ይብሳል ባይ ነኝ። እኛ የምንዋደደው በፉገራ ነው። ጓደኛህን ሰድበኸው፣ እሱም መልሶልህ፣ አብራችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ። ስድቡ ብቻ ተቆርጦ ከወጣ ድሬን የማያውቅ ሰው ምን ይልሃል? «ባለጌ» ነው የሚልህ። ሳቁ ኤዲቲንግ ላይ ቀርቷላ።

ስለዚህ ተሳታፊ ሆነህ ባትገባ እመርጣለሁ። ወደዚህ ሥራ ግን ግባ። እጅህ ላይ ያለው ሙያ እኮ ያ ፕሮግራም የሚቆምበት ሙያ ነው። ተሳታፊው ወቅቱ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኤዲተሩ፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ተሳታፊ መራጩ፣ «በዚህ ሰዓት ይህ ሆነ» እያለ ቀረጻውን የሚመዘግበው ልጅ ግን ለሚቀጥለው ወቅትም ይፈለጋሉ። አዲስ አበባ ያሉትን ጣቢያዎችና ፕሮዳክሽኖች «ረዳት ኤዲተር ትፈልጋላችሁ ወይ?» ብለህ ጠይቅ። እዚሁ ድሬ ቲቪም ሂድና ጠይቅ። መልስ እስክታገኝ የቪዲዮ ቤቱን ሥራ እንዳትለቅ። በየወሩ የምታገኘው ደሞዝ ለእናትህም ተስፋ ነው።

አይ፣ እሄዳለሁ ካልክም አልቀየምህም፤ ሕይወቱ ያንተ ነው። ውሉን ግን ቤት ወስደህ፣ ሕግ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቁጭ ብለህ አንብብ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። ውሉ ላይ ስትፈርም ያንን ፈቃድ ሰጠህ ማለት ነው። ለስንት ጊዜ? የትና የት እንዲታይ? መሃል ላይ ወጥተህ መሄድ ብትፈልግስ ይቻላል? ሁለት ወሩ ይከፈላል ወይስ ለአሸናፊው ብቻ ነው? ከፕሮግራሙ በኋላ ስድቡ ሲበዛብህ የሚያናግርህ ባለሙያ አለ? ይቺን የመጨረሻዋን እንዳታልፋት። እንግሊዝ ውስጥ ከተሳታፊዎች ሞት በኋላ ነው ነገሩ የተነሳው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ጣቢያዎች ለተሳታፊዎቻቸው ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። አንተን የሚጠብቅህ ግን ውልህ ላይ የተጻፈው ነው።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥህ። ለሥራ ስታመለክት የሠርግ ቪዲዮ ብቻ ይዘህ አትሂድ። ከፊራ ገበያ አንዲት ነጋዴ አስፈቅድና ከማለዳ እስከ ማታ በስልክህ ቅረጻት። ሒሳብ ስትሠራ፣ ከደንበኛ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ ፍለጋ ስትጠጋ። ስምንት ደቂቃ አድርገህ ቁረጠው። ጠቡን ከሳቁ እንዳትነጥል፣ እንባውንም ከቦታው እንዳታነሳ።

ለማንም ከመላክህ በፊት መጀመሪያ ለሴትዮዋ አሳያት። «አዎ፣ እኔ ነኝ» ካለችህ ላክልኝ፤ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን።