የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎች ለጠበቃ ምን ያደርጋሉ?

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር ወደ ሜሪላንድ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። የእንግሊዝኛ መምህራችን የሰጡንን ረጅም የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎች ዝርዝር ሸምድጄዋለሁ። የትርጉም ፈተና ሲሆን ጥሩ ነጥብ አገኛለሁ፤ ድርሰት ሲሆን ግን ውጤቴ ይወርዳል። ምኞቴ የኢሚግሬሽን ጠበቃ መሆን ነው። ሜታፎር (ተለዋጭ ዘይቤ) እና አይረኒ (ምጸት) ማወቅ ለጠበቃ ምን ይጠቅማል? ጊዜዬን ለሌላ ትምህርት ባውለው አይሻልም?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ አይሻልም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከጠበቃነቱ ልጀምር። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ትምህርቱም በመደበኛው ሦስት ዓመት ይወስዳል። ዋናው የመግቢያ ፈተና ኤልሳት ይባላል። ከኦገስት 2024 ወዲህ «የሎጂክ ጨዋታ» የሚባለው ክፍል ከዚህ ፈተና ወጥቷል። አሁን ነጥብ የሚያዝባቸው ሁለት የክርክር መመርመሪያ ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ብቻ ናቸው። የሕግ በር የሚከፈተው በጥንቃቄ በማንበብ ነው፤ አንቺ ደግሞ ይህንን አሁን፣ በነጻ፣ አስተማሪ አጠገብሽ ተቀምጦ እየተማርሽ ነው።

ችግርሽ ያለው ሌላ ቦታ ይመስለኛል። ስያሜውን ታውቂዋለሽ፤ በጽሑፉ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ግን አትናገሪም። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በአንድ ታሪክ ውስጥ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል፦ «በሚስቱ ቀብር ማግስት ሽማግሌው ሁለት ሲኒ ቡና ቀዳ። አንዱን ጠጣ፤ ሌላው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።» ብዙ ተማሪ «ደራሲው ሲምቦል ተጠቅሟል፤ ሲምቦል ማለት ለሌላ ነገር የሚቆም ነገር ነው» ብሎ ያልፋል። ይህ ስለ ሽማግሌው ምንም አይነግረንም። አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቺ፦ «ሁለተኛው ሲኒ የሟቿ ቦታ ነው። ደራሲው ሽማግሌው አዘነ አላለም፤ እጁ በልማዱ ሲቀዳ አሳየን። እስኪቀዘቅዝ መጠበቁም ሞቷን ገና እንዳልተቀበለ ይነግረናል።» እዚህ ላይ «ሲምቦል» የሚለው ቃል ባይነሳ እንኳ ትንታኔው ቆሟል። ብትጨምሪው ደግሞ ያሳምረዋል።

የነጥቡ አሰጣጥም ይህንኑ ይከተላል። በሚቀጥለው ዓመት የኤፒ (በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ) እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ብትወስጂ፣ በፈተናው እያንዳንዱ ድርሰት ከ6 ይታረማል፦ ለመከራከሪያ ሐሳብሽ 1፣ ለማስረጃና ለማብራሪያ 4፣ ለትንታኔሽ ጥልቀት 1። ስያሜ ለመጥራት ብቻ የተመደበ ነጥብ የለም። የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው ኤስኤቲም ቢሆን በንባብና ጽሑፍ ክፍሉ 54 ጥያቄዎች ለ64 ደቂቃ ሲያቀርብ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንቀጹ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ይጠይቃል እንጂ የሜታፎርን ትርጉም አይጠይቅም።

ከባሕር ዳር ይዘሽው የመጣሽውን አትናቂ። ተለዋጭ ዘይቤ፣ ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ መቼት፣ ጭብጥ፣ ምልሰት፤ በአማርኛ ክፍል ያወቅሻቸው እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛው ዝርዝር ውስጥ አሉ። አዲስ የሚሆኑብሽ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ጊዜሽንም ለእነርሱ ስጪ። ለምሳሌ ምጸት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ለሰነፍ «አቤት ጉብዝና!» እንደሚባለው ያለ ተቃራኒ አነጋገርን ነው። አይረኒ ግን ከዚህ ይሰፋል። የተጠበቀው ቀርቶ ተቃራኒው ሲሆን፣ ወይም አንባቢ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርዩ ሳያውቅ ሲቀር እርሱም አይረኒ ነው። ቶንና ሙድም እንዲሁ ያደናግራሉ። ቶን ተናጋሪው ለነገሩ ያለው አመለካከት ሲሆን፣ ሙድ አንባቢው ላይ የሚያድረው ስሜት ነው። በሽማግሌው ታሪክ የተራኪው ቶን ረጋ ያለ ነው፤ እኛን የሚሰማን ግን ኀዘን ነው። ጭብጥንም በአንድ ቃል አትዝጊው። «ፍቅር» ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ ጽሑፉ ስለ ፍቅር ምን አለ የሚለው ነው ጭብጥ የሚሆነው።

ዝርዝሩን ለጊዜው አስቀምጪውና በክፍል እያነበባችሁ ካላችሁት መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ምረጪ። ዓይንሽን የያዘውን ቃል ወይም ምስል በደብተርሽ ገልብጪ፤ ከሥሩ ምን እንደሚሠራ ጻፊ፤ ስያሜውን መጨረሻ ላይ አስገቢ። ሐሳቡ በአማርኛ ቀድሞ ከመጣልሽ በአማርኛ ጻፊውና ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ተሻገሪ፤ አያሳፍርም። በሳምንት ሁለት ሦስት አንቀጽ ይበቃል።

ወደ ሙያው ስንመለስ፣ የሕግ ተማሪዎች መጀመሪያ ከሚማሩት የአጻጻፍ ሥርዓት አንዱ ጉዳዩን መለየት፣ ሕጉን መጥቀስ፣ ሕጉን ከፍሬ ነገሩ ጋር ማገናኘት፣ መደምደም የሚል ነው። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው በሦስተኛው ላይ ነው፤ ሕጉን ጠቅሶ ዝም ይላል። አንቺም አሁን በድርሰትሽ የምትወድቂው እዚያው ላይ ነው። ጥገኝነት ጠያቂ የሰጠውን ቃል የሚያዘጋጅ ጠበቃ ደግሞ «ሄድኩ» እና «ወሰዱኝ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ካላየ ደንበኛውን ይጎዳል። ይህ ዓይን አሁን መሠልጠን አለበት።

ሕግ ለመግባት የግድ ማጥናት ያለብሽ የዲግሪ ዓይነት የለም፤ ስለዚህ ገና በአሥራ አንደኛ ክፍል አትጨነቂበት። ትምህርት ቤትሽ የክርክር ክበብ ወይም የልምምድ ችሎት ካለው ግን ዘንድሮውኑ ተመዝገቢ። ያለ ጠበቃነት ፈቃድም የኢሚግሬሽን ጉዳይ ይዞ መቆም እንደሚቻል እወቂ፤ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና በሰጣቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ውስጥ ለሚሠሩና እርሱ ለፈቀደላቸው ተወካዮች ይህንን ይፈቅዳል። ኮሌጅ ስትገቢ እንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ በበጎ ፈቃድ ብትሠሪ ሙያውን ከቅርብ ታዪዋለሽ።

ለአሁኑ ውጤቱ የወረደብሽን የመጨረሻ ድርሰት ይዘሽ መምህርሽ ዘንድ ሂጂ። «ውጤቴ ለምን ወረደ?» ከማለት ይልቅ አንድ አንቀጽ አሳዪያቸውና «ማብራሪያዬ የቆመው የት ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ያንን አንቀጽ እንደገና ጽፈሽ መልሰሽ ስጪያቸው።