ስፓርታን የምትወዱ ልጆች፣ ማን እንዳረሰላቸውም ጠይቁ

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። ታሪክ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ወጣቶች ስለ ጥንት ግሪክ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል፣ እና ሁሌ የሚጠይቁኝ ስለ ስፓርታ ነው፣ ጂም የሚሰሩት፣ ቲሸርታቸው ላይ የራስ ቁሩን ያሳተሙት፣ "ዲሲፕሊን ማለት ስፓርታ ነው" ብለው ፖስት የሚያደርጉት። አልፈርድባችሁም፣ እኔም በናንተ ዕድሜ ወድጃቸዋለሁ፣ ዛሬም ጀግንነታቸውን አልክድም። ልጁ በ7 ዓመቱ ከእናቱ ቤት ይወጣል፣ ከእኩዮቹ ጋር ያድራል፣ በባዶ እግሩ ይሄዳል፣ ክረምት ከበጋ ያችው አንድ ልብሱ ናት፣ እስከ 60 ዓመቱ ድረስ ደግሞ ለጦርነት ሲጠሩት ይወጣል። ንግድና የእጅ ሙያ ክልክል ነው፣ ስራው ወታደርነት ብቻ።

እሺ፣ እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ሁሉ የምጠይቃት ጥያቄ አለችኝ፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በጦር ልምምድ ከዋለ ማን አረሰለት?

ያረሱለት ሄሎት የሚባሉት ናቸው። ባሪያ በሉት ገባር በሉት፣ ከመሬቱ ጋር ታስሮ የሚኖር፣ ተነስቶ መሄድ የማይችል ህዝብ ነው። ብዙዎቹ ከታይጌቶስ ተራራ ባሻገር ያለችው የመሴንያ ሰዎች ናቸው፣ ስፓርታ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ወግታ የያዘቻቸው፣ ቋንቋቸው ግሪክ፣ አምላኮቻቸውም የግሪክ። የስፓርታ የራሷ ገጣሚ ቲርታዮስ እንኳ ሸክም እንደከበደው አህያ የምርታቸውን ግማሽ ለጌቶቻቸው ያግዛሉ ብሎ ገጥሞባቸዋል። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶተስ እንደሚለው በ479 ቅ.ል.ክ. ከፋርስ ጋር በተደረገው የፕላታያ ጦርነት ላይ 5,000 ስፓርታውያን ሲሰለፉ 35,000 ሄሎቶች አብረዋቸው ነበሩ፣ ለአንድ ሰው 7 ማለት ነው። አስቡት በቃ። እነዚህን ሰዎች በፍርሃት ለመያዝ ኤፎር የሚባሉት 5 ሹማምንት በየዓመቱ ስልጣን ሲይዙ በሄሎቶች ላይ ጦርነት ያውጁ ነበር፣ ሄሎት የገደለ በደም እንዳይጠየቅ። በገዛ ገበሬህ ላይ በየዓመቱ ጦርነት ማወጅ! እኔ ይሄን በክፍል ውስጥ ባስተማርኩ ቁጥር ድምፄ ይለወጣል።

አሁን የማዕዱን ነገር ላጫውታችሁ፣ ምክንያቱም የስፓርታ መጨረሻ የተጠነሰሰው ጦር ሜዳ ሳይሆን ገበታ ላይ ነው። ሙሉ ዜጋ ለመሆን የወንዶቹ የጋራ ማዕድ አባል መሆን ግድ ነው፣ አንዱ ማዕድ 15 ሰው ገደማ ይይዛል። አዲስ ሰው ሊገባ ሲል ነባሮቹ ከእንጀራቸው... ማለቴ ከዳቧቸው ለስላሳውን ቆንጥረው ያድቦለቡሉና አሳላፊው በራሱ ላይ ተሸክሞ በሚዞረው ሳህን ውስጥ ምንም ሳይናገሩ ይጥላሉ። የማይፈልገው ሰው ኳሷን ጨፍልቆ ይጥላታል፣ አንዲት የተጨፈለቀች ከተገኘች ሰውየው አይገባም፣ አለቀ። የገባውም ቢሆን በየወሩ ገብስ፣ ወይን፣ አይብና በለስ ያዋጣል። መሬቱ ያነሰበት ወይ በዕዳ የሄደበት ሰው መዋጮው ሲያቅተው ከማዕዱ ይወጣል፣ ከማዕዱ ከወጣ ደግሞ ዜግነቱም አብሮ ሄደ። ጀግና ይሁን፣ አባቱ የት ይሙት የት፣ የሚጠይቀው የለም። መሬቱ በጥቂቶች እጅ እየገባ ሲሄድ የዜጋው ቁጥር በየትውልዱ እየሳሳ መጣ።

ከዚህ ሁሉ መሀል እኔ የማልረሳው ኪናዶን የሚባል ወጣት ነው። በዘመኑ የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ዜኖፎን እንደጻፈው በአካልም በወኔም ጠንካራ ነበር፣ ግን ከሙሉ ዜጎቹ አልነበረም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መግቢያ፣ በንጉስ አጌሲላዎስ ዘመን፣ አንዱን ሰው ገበያው ዳር ወስዶ ስፓርታውያኑን ቁጠር ይለዋል። ሰውየው ንጉሱን፣ ኤፎሮቹን፣ ሽማግሌዎቹን ጨምሮ ሲቆጥር ሌላው ዜጋ 40 ገደማ ሆነ። እነዚህን ጠላት በላቸው፣ ገበያው ውስጥ ያሉትን ሌሎቹን ከ4,000 በላይ ሰዎች ደግሞ ወገን በላቸው አለው። ሄሎቱም፣ ነፃ የወጣውም፣ ከዜግነት የወረደውም የስፓርታውያን ስም ሲነሳ ጥሬያቸውን ቢበሏቸው ደስ እንደሚላቸው አይደብቁም ብሎም ነገረው። ሰውየው ሄዶ አሳበቀ፣ ኪናዶን ተያዘ። ለምን አደረግከው ሲሉት መልሱ አጭር ነበር፣ በስፓርታ ከማንም በታች ላለመሆን። እሱንና ግብረ አበሮቹን አንገታቸውን አስረው እየገረፉ በከተማው አዞሯቸው።

ይሄን ልጅ ቢያስገቡት ምን ነበረበት? ልጆቼ፣ ነገ መስሪያ ቤት፣ ማህበር፣ ድርጅት ትመራላችሁ፣ በር ላይ የምትቆሙበት ቀን ይመጣል፣ ያኔ ኪናዶንን አስቡት።

የቀረው በፍጥነት ነው የሆነው። በ371 ቅ.ል.ክ. ሌውክትራ ላይ የቴብስ ከተማ የጦር መሪ ኤፓሚኖንዳስ ስፓርታን አሸነፈ፣ ጦር ሜዳ ላይ ከነበሩት 700 ዜጎች 400ው ሞቱ፣ ንጉስ ክሌዎምብሮቶስም ወደቀ። ሌላ ከተማ ቢሆን ሌላ ሰራዊት ያወጣል፣ ስፓርታ ግን የምትተካቸው ሰው አልነበራትም። አሪስቶትል ያን ሁሉ መሬት ይዛ ዜጋዋ ከ1,000 በታች ወርዶ ነበር፣ አንድ ምት መቋቋም ያቃታት በሰው እጦት ነው ይላል። በ369 መሴንያ ነፃ ወጣች፣ የራሷን ከተማ መሴኔን ሰራች፣ ለመቶዎች ዓመታት ሲያርሱ የኖሩትን መሬት ለራሳቸው አረሱት።

ስለ ስፓርታ ስታነቡ ደግሞ ጸሐፊው መቼ እንደኖረ እዩ፣ እነሱ ስለራሳቸው የተዉልን ጥቂት ነው። ፕሉታርክ የጻፈው ከሌውክትራ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ደካማ ህፃን ይጣል ነበር የሚለውን ወሬም የምናገኘው ከሱ ነው፣ በጥንቃቄ ያዙት። ለጀማሪ ዜኖፎን ይሻላል፣ የኪናዶን ታሪክ እዛ ውስጥ ጥቂት ገጽ ናት፣ በአንድ ቁጭታ ታልቃለች።

ከዛ ግሪኮች የፋርስን ጦር ወደገጠሙበት ጠባብ መተላለፊያ፣ ወደ ቴርሞፒሌ ተመለሱ። የስፓርታ ንጉስ ሊዮኒዳስና 300ዎቹ በ480 ቅ.ል.ክ. የሞቱበትን ቦታ ማክበር ተገቢ ነው፣ ግን እዛው 700 የቴስፒያይ ሰዎችም አንሄድም ብለው ቀርተው ሞተዋል፣ ሄሎቶችም ሞተዋል። ቴስፒያውያን ከህፃንነታቸው ሲሰለጥኑ የኖሩ አይደሉም፣ የትንሽ ከተማ ሰዎች ናቸው። ፋርሶች ከተማቸውን አቃጠሉባቸው፣ በዓመቱ ግን የተረፉት 1,800 ሰዎች ከባድ ትጥቅ እንኳ ሳይኖራቸው ፕላታያ ድረስ መጥተው ተሰልፈዋል። 300ዎቹን ፖስት ስታደርጉ እነሱንም ጨምሩልኝ።