እናቴ ኬሞ ከጀመረች ወዲህ ዳገት አቃታት

ሰላም ናችሁ? ዛሬ የደረሱን ሦስት ጥያቄዎች ሁሉም የካንሰር ሕክምና እና ልብን የሚመለከቱ ናቸው። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ፣ ብዙ ቤት ያለ ጉዳይ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ከዚያ ቀዩን ኬሞ አራት ዙር ወሰደች። አሁን ሌላ ኬሞ ጀምራለች፣ ቀጥሎ ለጨረር አዲስ አበባ ትሄዳለች ተብሏል። ድሮ ዘንቢሏን ሞልታ ከገበያ ስትመለስ ዳገቱን አንዴም ሳትቆም ነበር የምትወጣው። አሁን ባዶ እጇን ሆና ሦስት ጊዜ ትቆማለች። ማታ ጋደም ስትል ያፍናታል። ለሐኪም እንንገር ስላት «ከነገርሽ መድኃኒቱን ያቆሙብኛል» ብላ አስማለችኝ። ጎረቤቱ ደግሞ መድኃኒቱ ልቧን እየበላው ነው፣ ይቅርባትና ጠበል ትግባ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ንገሪ። ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ነገ ጠዋት ይዘሻቸው ሂጂ። ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን ነገም አይባልም፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

የእናትሽ ፍርሃት ይገባኛል። ከልጅ ተደብቆ ኬሞ ክፍል ወንበር ላይ ሲያለከልኩ «ደህና ነኝ» የሚሉ እናቶችን አይቻለሁ፣ ልብ ይሰብራል። ግን ነገሩ እሳቸው እንዳሰቡት አይደለም። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ቶሎ የሚያደርገው ልብን ማየት ነው። ምናልባት ለጥቂት ሳምንት ያዘገየው ይሆናል፣ ምናልባት በሌላ መድኃኒት ይቀይረዋል። ተደብቆ ተደብቆ ልብ ሲደክም ነው ሕክምናው በእርግጥ የሚቋረጠው። ይህን በእርጋታ አስረጃቸው፣ መሐላውን ራሳቸው ይፈቱልሻል።

ቀዩ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ሽንትን አንድ ሁለት ቀን የሚያቀላው እሱ ነው፣ ደም አይደለም። ካንሰሩን በደንብ ይመታል፣ የልብን ጡንቻ ደግሞ ሊያደክም ይችላል። ጎረቤት ያወራው ጨርሶ ውሸት አይደለም ማለት ነው፣ ግን ሰው ሁሉ ላይ አይደርስም። ጉዳቱ በጠቅላላው ከተወሰደው መጠን ጋር እየጨመረ ይሄዳል። ለጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ በአንድ ዙር ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 60 ሚሊ ግራም ይሰጣል፣ በአራት ዙር 240 ይሆናል። ሐኪሞች በዕድሜ ልክ ከ450 እስከ 550 ካለው ገደብ እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። ገደቡ የዕድሜ ልክ ስለሆነ የወሰዱት ሁሉ ይደመራል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ምን መድኃኒት፣ ስንት ዙር፣ በምን መጠን እንደወሰዱ የተጻፈበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶም አንሺው።

ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ አያምም፣ መርፌም የለውም። ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚገፋ ያሳያል። ከ50 በታች ከወረደ ሐኪሙ ዝም አይልም። ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ተነሥተው ከነበረ የዚያን ጊዜውን ውጤት ይዘሽ ሂጂ፣ ማወዳደሪያ ይሆናል። የደም ምርመራም ይጠየቃል፣ ምክንያቱም ኬሞ የሚያመጣው ደም ማነስም ዳገት ላይ እንዲሁ ያስቆማል። የልብ ድካም ከሆነ ደግሞ እንደ ኢናላፕሪል እና ካርቬዲሎል ያሉ የቆዩ መድኃኒቶች አሉ። ቶሎ ሲጀመሩ ብዙ ሰው ላይ ልቡ ያገግማል።

እስከዚያ አንቺ ቤት ውስጥ የምታዪው አለ። በስንት ትራስ ነው የሚተኙት? ድሮ በአንድ ተኝተው አሁን ጋቢ አጥፈው ከሥር የሚጨምሩ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ትልቅ ምልክት ነው። ቅልጥማቸው ላይ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርገሽ አምስት ሰከንድ ያዢ፣ ስትለቂው ጉድጓዱ ከቀረ ውሃ ቋጥረዋል። ቤት ሚዛን ከሌለ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋር በሁለት በሦስት ቀን ይመዘኑ። በጥቂት ቀን ሁለት ኪሎ መጨመር ውፍረት አይደለም፣ ውሃ ነው። ጨው ይቀንሱ፣ በርበሬ እና ሽሮ ሲዘጋጅ የሚገባውን ጨው ጭምር።

ጠበሉን በተመለከተ እምነታቸውን አትንኪባቸው። ይጠመቁ፣ መድኃኒታቸውንም ይውሰዱ፣ የንስሐ አባታቸውም ቢጠየቁ ሁለቱን አያጣሉም። የምፈራው በየቀኑ ብዙ ሊትር መጠጣቱን ነው። ለደከመ ልብ ያ ሁሉ ውሃ ሸክም ነው፣ ሳይፈላ የተጠጣ ውሃ ደግሞ ኬሞ ላይ ላለ ሰው ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

ስለ መንገዱም ልንገርሽ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት። ካንሰር ራሱ ደምን ያረጋል፣ እግር ታጥፎ ለሰዓታት መቀመጥ ሲጨመርበት ይብሳል። ደጀን እና ጎሃ ጽዮን ላይ አስወርደሽ አራምጃቸው። ሁለቱም እግር ካበጠ ልብ ይጠረጠራል፣ አንዱ ብቻ አብጦ ካመመ ግን የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ይታይ። ለጨረሩ ሐኪምም የልባቸውን ነገር ንገሪው። ግራ ጡት ሥር ልብ አለ፣ ጨረሩን ሲያቅዱ ይጠነቀቁለታል።

ጥያቄ፦ ከቡሬ ነው። አባቴ ግፊት አለበት። የአንጀት ካንሰር ተገኝቶበት የሚዋጥ ኬሞ ሲጀምር «መድኃኒት በዛብኝ» ብሎ የግፊቱን ተወው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው ወንድሜ። ኬሞ የግፊት መድኃኒትን አይተካም፣ ግፊቱ ልቅ ከሆነ ልብ በሁለት በኩል፣ በግፊቱም በኬሞውም፣ ይጎዳል። ዛሬ ይለኩና መድኃኒቱ እንዴት እንደሚመለስ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ምናልባት መጠኑን ያስተካክላል። የሚዋጠው ኬሞ ካፔሲታቢን ከሆነ ደግሞ ይህን አትርሳ፦ የልብን ደም ሥር ለጊዜው ሊያጠብ ይችላል። ደረታቸውን ጨምድዶ ከያዛቸው ቀጣዩን ኪኒን አይዋጡ፣ ቀጥታ ሆስፒታል። አረቄዋንም ይተዋት።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የደም ካንሰር ታክሜ ድኛለሁ። አሁን 26 ዓመቴ ነው፣ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ፍኖተ ሰላም ነው ያለሁት። ያኔ የወሰድኩት መድኃኒት ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ እሰይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ያኔ ከተሰጡሽ መካከል ቀዩ መድኃኒት ወይም የእሱ ወገን ካለ፣ ጉዳቱ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊታይ ይችላል። እርግዝና ላይ የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር ልብ የሚሠራው ብዙ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ፣ ሆድሽ ሳይገፋ፣ ኢኮ ተነሺ። ብዙዎች ልባቸው ደህና ሆኖ በሰላም ይወልዳሉ፣ ግን አዋላጅዋ ታሪክሽን ማወቅ አለባት። የድሮ ካርድሽ ከጠፋ የታከምሽበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል በስምሽና በዓመቱ ያስፈልጉልሽ። ባይገኝም ኢኮው አይቅር።